ማንም ያልቀበረው ዳያል አፕ፦ ከቦሌ መንገድ እስከ አያት

መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ኤኦኤል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የዳያል አፕ ኢንተርኔት አገልግሎቱን ዘጋ። ዜናውን የሰማ ሰው መጀመሪያ ያለው «እንዴ፣ እስካሁን ነበር?» ነው። ነበር። በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት ግምት እ.ኤ.አ. በ2023 እንኳ 163 ሺህ ገደማ ቤተሰቦች በስልክ መስመር እየደወሉ ብቻ ነበር ኢንተርኔት የሚያገኙት። ኤኦኤል በደህናው ዘመኑ ከ26 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2000 ታይም ዋርነርን የሚያክል የሚዲያ ግዙፍ ለመጠቅለል የተነሳ ኩባንያ ነው። ከዚያ ብሮድባንድ መጣ፣ ደንበኛው በየዓመቱ ሸሸ፣ ኩባንያው ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። ሲዘጋም የዓለም ጋዜጦች የሐዘን ጽሑፍ ጻፉለት።

የእኛስ ዳያል አፕ መቼ ሞተ?

ቀኑን የሚነግራችሁ ሰው አታገኙም። ማስታወቂያ አልወጣም፣ የመጨረሻው ደንበኛ ማን እንደነበር የጠየቀም የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው። በሌላው ዓለም ዳያል አፕ ሲሞት አቅራቢው ኩባንያ አብሮ ይሞታል፣ ወይም ይሸጣል፣ ወይም ሌላ ሥራ ይጀምራል። እዚህ አቅራቢው አንድ ነበር፤ ደንበኛው ከዳያል አፕ ሲወጣ የገባው እዚያው አቅራቢ ሌላ በር ነው። ቴሌ ከዚህ ሞት ያጣው ነገር የለም። የከሰሩት ሌሎች ናቸው፤ በቦሌ መንገድ፣ በሃያ ሁለት፣ በመገናኛ፣ በገርጂ ስምንትና አሥር ኮምፒዩተር ደርድረው ኢንተርኔትን ለሕዝቡ በደቂቃ የቸረቸሩት ልጆች። ለአብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው እውነተኛዎቹ የኢንተርኔት አቅራቢዎች እነሱ ነበሩ፤ ፈቃዳቸው ላይ ግን እንዲያ ተብሎ አልተጻፈም።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ።

ከኢንተርኔት በፊት በአዲስ አበባ ኢሜይል ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የሚባል የመረጃ ክፍል በ1980ዎቹ አጋማሽ ፊዶኔት በሚባል ዘዴ መልእክት ያስተላልፍ ነበር። አሠራሩ ከፖስታ ቤት ብዙም አይለይም። የላካችሁት ደብዳቤ ኮምፒዩተሩ ላይ ይጠራቀማል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ኮምፒዩተሩ በስልክ ወደ ውጭ አገር ይደውላል፣ የተጠራቀመውን አራግፎ የመጣውን ይጭናል፣ ስልኩን ይዘጋል። መልስ በማግስቱ ሲመጣ ደስታ ነው። ተጠቃሚዎቹ ዲፕሎማቶች፣ ተመራማሪዎች፣ ሐኪሞችና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች ነበሩ። «ኢንተርኔትን ወደ ኢትዮጵያ ማምጣት» በሚል ስም የተሰባሰቡ ባለሙያዎችም እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ነገሩ ቶሎ እንዲመጣ ይጎተጉቱ ነበር።

በ1989 ዓ.ም. ሁለት ነገር ተከታትሎ ሆነ። በኅዳር አካባቢ የወጡት አዋጅ ቁጥር 49/1989 እና ደንብ ቁጥር 10/1989 ተቆጣጣሪውን ኤጀንሲና የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽንን ለያይተው አቋቋሙ። ወዲያው በጃንዋሪ 1997 ኮርፖሬሽኑ ኢንተርኔት ጀመረ። አቅራቢው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላ የለም፣ ሊኖርም አይችልም።

አገሪቱን ከዓለም ጋር ያገናኘው የሳተላይት መስመር መጀመሪያ ላይ 256 ኪሎቢት በሰከንድ ነበር። ይህን ቁጥር ቆም ብላችሁ ተመልከቱት። ከዓመት በኋላ ገበያውን የያዘው የዳያል አፕ ሞደም 56 ኪሎቢት ይባል ነበር። 256ን ለ56 ብታካፍሉ አራት ተኩል ገደማ ነው። አምስት ሰዎች በየቤታቸው ተቀምጠው ሞደማቸውን በሙሉ ጉልበቱ ቢያሠሩት የኢትዮጵያን የውጭ መስመር ጠቅላላ ሞልተውት አንዱ ይተርፋል ማለት ነው። መስመሩ ኋላ እየሰፋ ሄደ፤ ተጠቃሚውም በዚያው ልክ በዛ፣ ስለዚህ የሰፋ መስሎ የተሰማው ሰው ጥቂት ነው።

ሳተላይቱ የተሰቀለው ከምድር 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቦሌ ያለ ሰው ገርጂ ላለ ጓደኛው ያሁ ላይ ደብዳቤ ሲልክ ደብዳቤው ወደ ሰማይ ይወጣል፣ አሜሪካ ይወርዳል፣ ጓደኛው ሲከፍተው እንደገና ሰማይ ወጥቶ ገርጂ ይወርዳል። በውይይት ታክሲ በአሥር ደቂቃ የሚደረስ ሰፈር ነው።

ዳያል አፕን ላልደረሰበት ወጣት ማስረዳት ያስፈልጋል። ኢንተርኔቱ የሚመጣው ቤት ባለው የስልክ ሽቦ ነው። ኮምፒዩተሩ ሞደም በሚባል ዕቃ በኩል እንደ ሰው ስልክ ይደውላል፤ ቴሌ ጣቢያ ያለው ሌላ ሞደም ያነሳዋል፣ ሁለቱ ያንን ፉጨትና ጩኸት የተቀላቀለ ድምፅ እየተለዋወጡ ይግባባሉ። ከተግባቡ ገባችሁ። ቴሌ ጣቢያ ያሉት ሞደሞች ሁሉ ከተያዙ ግን «ቢዚ» ነው፤ ዘግቶ እንደገና መደወል። ሲሳካም የቤቱ ስልክ ታሰረ ማለት ነው። ልጁ ኢሜይል ሲያይ አክስት ከድሬዳዋ ስትደውል አይገባላትም፤ ማታ ጠብ አለ።

እንግዲህ ዳያል አፕ ለመጠቀም መጀመሪያ የስልክ መስመር ያስፈልጋል። የምሥራቅ አዲስ አበባ ታሪክ ከሌላው የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ቦሌ መስመር ነበረው። ከአየር ማረፊያው እስከ መስቀል አደባባይ በሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኝ ኤምባሲዎች፣ የእርዳታ ድርጅቶች፣ የጉዞ ወኪሎች፣ አስመጪዎችና የእንግዳ ማረፊያዎች ነበሩ። ከ1989 በኋላ የእነዚህ ሰዎች የንግድ ካርድ ላይ «ቴሌኮም ዶት ኔት ዶት ኢቲ» ብሎ የሚያልቅ አድራሻ ታተመ። ያ አድራሻ በዘመኑ የክብር ምልክት ነበር፤ መኪና እንደመያዝ ማለት ይቀላል። ከመገናኛ ወዲያ ሲኬድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ገርጂ፣ ሲኤምሲ፣ ሰሚት፣ አያት በእነዚያ ዓመታት ገና እየተሠሩ ያሉ ሰፈሮች ናቸው። ቤቱ ይሠራል፣ ግንቡ ይለሰናል፣ ስልክ ግን የለም። ለስልክ ተመዝግቦ ዓመታት መጠበቅ የተለመደ ነበር። የመጀመሪያዎቹ የሙከራ ኮንዶሚኒየሞች በ1990ዎቹ አጋማሽ በቦሌ ገርጂ ሲሠሩም ሽቦው ከሰው ኋላ ነበር።

ስለዚህ የምሥራቁ ሰው ኢንተርኔት ሲፈልግ ወደ ምዕራብ ይጓዛል። ከአያት መገናኛ፣ ከመገናኛ ሃያ ሁለት ወይም ቦሌ መድኃኔዓለም። ሁለት ታክሲ ይዞ፣ በወረቀት የተጻፈ የኢሜይል አድራሻ ኪሱ ከቶ። ኢንተርኔት ያኔ የሚኬድበት ቦታ ነበር፤ እንደ ባንክ፣ እንደ ፖስታ ቤት።

ኢንተርኔት ቤቶቹ የተፈለፈሉት በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ «ቢዝነስ ሴንተር» ይባሉ ነበር፤ ፎቶ ኮፒ፣ ፋክስ፣ ታይፕ፣ ላሚኔሽን፣ ከጎን ደግሞ አንድ ኢንተርኔት ያለው ኮምፒዩተር። ከ1992 እና 1993 በኋላ ኢንተርኔቱ ራሱ ዋናው ዕቃ ሆነ። የአሠራሩ ብልሃት አንድን የስልክ መስመር ለብዙ ኮምፒዩተር ማካፈል ነው። ለዚህ በመላው ዓለም ያሉ ኢንተርኔት ቤቶች እንደ ዊንጌት ያሉ ፕሮግራሞችን ይጠቀሙ ነበር (በአዲስ አበባ ዊንጌት ሲባል ትዝ የሚለው ትምህርት ቤቱ ነው፣ ስሙ ግን የአጋጣሚ ነገር ነው)። አንዱ ኮምፒዩተር ይደውላል፤ ሌሎቹ በሱ በኩል ይወጣሉ።

ሒሳቡን እንሥራ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በደቂቃ 25 ሳንቲም በብዙ ቤቶች የታወቀ ዋጋ ነበር። ስድስት ኮምፒዩተር ያለው ቤት ሁሉም ወንበር ከሞላ በሰዓት 90 ብር ያገኛል። ለቴሌ የሚከፍለው ግን ለያዘው አንድ መስመር ነው። ትርፉ ከማካፈሉ ላይ ነው። ማካፈሉ ደግሞ ኢንተርኔቱን ያዘገየዋል። ኢንተርኔቱ ሲዘገይ ደንበኛው ብዙ ደቂቃ ይቀመጣል፤ ብዙ ደቂቃ ሲቀመጥ ብዙ ይከፍላል። በሌላ አነጋገር ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ለመጠበቁ ነበር። ይህን ባለቤቶቹ ተንኮል አስበው የፈጠሩት አይደለም፤ መስመር ቢበዛላቸው፣ ቢረክስላቸው ደስታቸው ነበር። ግን አንድ ሻጭ ብቻ ባለበት ገበያ ቸርቻሪው የሚያተርፈው ከዕቃው ጥራት ሊሆን አይችልም፣ ከዕቃው እጥረት ነው።

ደንበኛውም ብልጥ ነበር። ደብዳቤውን ቤቱ በደብተር ጽፎ ይመጣል። ያወቀ ደግሞ መጀመሪያ ሳይገናኝ ይተይብና ሲገናኝ ለጥፎ ይልካል። ሁለት ሦስት ገጽ አንድ ላይ ይከፍታል፣ አንዱ እስኪመጣ ሌላውን ያነባል። ሌሎች ሳይነሱ በጠዋት መምጣት የሚባል ነገርም ነበር፤ ቢሮዎች ሳይከፈቱ መስመሩ ቀለል ይላል ተብሎ ይታመናል። ፎቶ ያለበት ገጽ ሲከፈት ከላይ ወደ ታች እንደ መጋረጃ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ የእህቱን ልጅ ፎቶ ከዋሽንግተን የሚጠብቅ ሰው ፀጉሯን ካየ በኋላ ፊቷን እስኪያይ ግማሽ ብር አውጥቷል።

ከእነዚህ ቤቶች ታሪክ ትልቁን ቦታ የሚይዘው ግን ዲቪ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት የዲቪ ሎተሪ ማመልከቻ በፖስታ መቀበሉን አቁሞ በኢንተርኔት ብቻ የጀመረው በዲቪ 2005 ነው፤ ምዝገባው የተካሄደው በ1996 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነበር። ከዚያ በፊት ሰው ፎርሙን በእጁ ሞልቶ፣ ፎቶ ለጥፎ ፖስታ ቤት ይሰለፍ ነበር። በአንድ ጊዜ ያ ሁሉ ሰልፍ ከፖስታ ቤት ተነሥቶ ኢንተርኔት ቤት ገባ። ኮምፒዩተር ነክቶ የማያውቅ እናት፣ ከገጠር የመጣ ወጣት፣ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ሁሉም ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ልጅ መጣ። ፎቶው በዲጂታል መሆን አለበት፣ መጠኑ 320 በ240 ፒክሰል፣ ክብደቱ ከ62,500 ባይት የማይበልጥ። ዛሬ ይህን የሚያህል ፎቶ በቴሌግራም ሲላክ ማንም አያስተውለውም። በ56 ኪሎቢት ሞደም ወደ ላይ የሚላከው ፍጥነት ቢበዛ 33.6 ኪሎቢት ስለነበር አንዱ ፎቶ ንጹሕ መስመር ላይ 15 ሰከንድ ይፈጃል። ስምንት ኮምፒዩተር በአንድ መስመር ላይ አንድ ላይ ሲልክ ሁለት ደቂቃ ይሆናል፤ መስመሩ መሐል ላይ ከተቋረጠ እንደገና ከስም።

አስቡት፤ ኢትዮጵያውያን በየዓመቱ በሺዎች ዲቪ ሲደርሳቸው ኖሯል። ከ1996 በኋላ ከሄዱት ውስጥ ስንቱ ነው ዕጣው በእነዚህ ቤቶች ልጆች ጣት የተሞላለት? ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ የወሰነለት፣ የልደት ቀኑን ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የቀየረለት፣ ማረጋገጫ ቁጥሩን አትሞ «ይህችን እንዳትጥላት» ያለው ኢንተርኔት ቤት ያለው ልጅ ነው። በቀን አቆጣጠሩ የተሳሳተም አለ፤ ደርሶት ኤምባሲ ሲቀርብ የልደት ቀኑ ከፓስፖርቱ ጋር ያልገጠመለት ሰው ዛሬም ያንን ቤት በስሙ ያስታውሳል።

ሌላው ገቢ ድምፅ ነበር። በኢንተርኔት ወደ ውጭ መደወል ከቴሌ የውጭ ጥሪ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ርካሽ ነው። ኢንተርኔት ቤቶች ይህን ያውቁ ነበር፣ ደንበኛውም ያውቅ ነበር፣ ቴሌም ያውቅ ነበር። በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት የድምፅና የፋክስ አገልግሎት መጠቀምንም መስጠትንም ከለከለ። ስካይፕ ገና አልተወለደም፤ የተለቀቀው በዓመቱ ነው። የአገራችን ሕግ ከቴክኖሎጂ ቀድሞ የተገኘው ምናልባት በዚህ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ማዳመጫ ጆሮ ላይ ማድረግ የሚያስጠረጥር ነገር ሆነ። በሹክሹክታ «ይደወላል?» ይባላል፤ ባለቤቱ ሰውየውን ያየዋል፣ ካላወቀው «አይደወልም» ይላል። ክልከላው የቴሌን የውጭ ጥሪ ገቢ ጠበቀ፤ ለኢንተርኔት ቤቱ ግን የተሻለውን ትርፍ ሕገወጥ አደረገበት። በ1999 ደግሞ ተቆጣጣሪው ኤጀንሲ ቤቶቹ የተጠቃሚውን ስምና አድራሻ እንዲመዘግቡ አዘዘ። ደንበኛ ሲገባ ደብተር ይቀርብለታል። በ1997 ምርጫ ማግስት አጭር የጽሑፍ መልእክት ሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ በቆየበት፣ ድረ ገጾች መከፈት ባቆሙበት ዘመን ደብተር ላይ ስምህን ጻፍ ማለት ምን ስሜት እንደሚሰጥ ያየ ያውቀዋል። አንዳንዱ የሆነ ስም ጽፎ ይቀመጣል፤ አንዳንዱ ከበር ይመለሳል።

ማፈግፈጉ የተጀመረው ከላይ ነው። መጀመሪያ ዳያል አፕን የተዉት ድርጅቶች ናቸው፤ ብሮድባንድ ሲመጣ የቦሌ ቢሮዎችና ሆቴሎች ቋሚ መስመር አስገቡ። የተሻሉት ኢንተርኔት ቤቶችም ተከተሉ፤ በራቸው ላይ «ብሮድባንድ» ብለው ለጠፉ፣ ያልቻለው ጎረቤታቸው በሳምንታት ውስጥ ባዶ ወንበር ይዞ ቀረ። ቀጥሎ ገመድ አልባው መጣ። ኮርፖሬሽኑ በ1999 ዓ.ም. መግቢያ ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር በተዋዋለው 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚያህል ብድርና ግንባታ በሚሊኒየሙ ዓመታት ኔትወርኩ ተስፋፋ፤ ሲዲኤምኤ የሚባለው ስልክና ኢቪዲኦ የሚባለው ፍላሽ የሚመስል ዕቃ ገበያ ገባ።

እዚህ ላይ የምሥራቁ ሰፈር ታሪክ ተገለበጠ። ለዓመታት የስልክ ሽቦ ሲጠብቅ የነበረው የሲኤምሲና የአያት ሰው ሽቦውን ሳያገኝ ሽቦው አላስፈለገውም። ዳያል አፕን ቤቱ ሳያስገባ ዘለለው። የቦሌ ሰው ያንን ፉጨት ያስታውሳል፤ አያት ያደገ የእድሜ እኩያው ብዙ ጊዜ ሰምቶት አያውቅም፣ ከሰማውም ኢንተርኔት ቤት ነው። ስለ ዳያል አፕ በናፍቆት የሚጻፈው ነገር ሁሉ ከቦሌና ከመሐል ከተማ የሚመጣው ለዚህ ይመስላል። በ1998 መግቢያ የስልክ ቁጥሮች ሲረዝሙ ለምሥራቁ ከተማ 011-6 ተሰጠው፤ ዛሬም የድሮ ሱቆች ማስታወቂያ ላይ ይታያል። ከመገናኛ ወዲያ በተሠሩት ሕንፃዎች ላይ ግን 09 ብሎ የሚጀምረው ይበዛል።

ኅዳር 20 ቀን 2003 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ ኢትዮ ቴሌኮም ሆነ፤ አስተዳደሩን ለተወሰነ ጊዜ ፍራንስ ቴሌኮም ያዘው። የሞባይል ኢንተርኔት ከዚያ ወዲህ ነው ሰው እጅ በብዛት የገባው። በ2004 የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር አዋጅ ቁጥር 761/2004 ስለ ኢንተርኔት ጥሪ እንደገና ድንጋጤ ፈጥሮ ነበር፤ መንግሥት ስካይፕ መጠቀም ወንጀል አይደለም ብሎ ማብራሪያ እስከመስጠት ደረሰ። ያን ጊዜ ግን ነገሩ ካለፈ ቆይቷል። ሰው በቫይበርና በኢሞ ከገዛ ስልኩ፣ ከገዛ አልጋው ላይ ወደ ውጭ ይደውል ጀመር። በ2007 አራተኛው ትውልድ ኔትወርክ በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በነሐሴ 2010 የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋ በ43 በመቶ ወረደ። የሹክሹክታው ጥያቄ ትርጉም አጣ።

ለዚህ ሁሉ የመንግሥት መከራከሪያ የታወቀ ነው። ቴሌ የምትታለብ ላም ናት፤ ገቢዋ ለመንገድና ለባቡር ይውላል፤ የግል ድርጅት ቢገባ ቦሌን ይዞ ገጠሩን ይተዋል። ይህ ክርክር ባዶ አይደለም። ቦሌን ይዘው ሌላውን የሚተዉ ኩባንያዎች በእርግጥ ይኖሩ ነበር፤ የዳያል አፕ ሽቦ ራሱ በመንግሥት እጅ ሆኖም ቦሌን ይዞ አያትን ትቶ ነበር እኮ።

ጎረቤት ኬንያን እንይ። ፎርምኔትና አፍሪካ ኦንላይን የመሳሰሉ የግል አቅራቢዎች ናይሮቢ ላይ ሥራ የጀመሩት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። እነሱም የውጭ መስመር የሚከራዩት ከመንግሥት ነበር፣ እነሱም ተማርረዋል። ግን ብዙ ስለነበሩ አንድ ችግር ገጠማቸው፤ የአንዱ ደንበኛ ለሌላው ደንበኛ ሲጽፍ መልእክቱ ባሕር ማዶ ዞሮ ይመጣል፣ ለዚያም በዶላር ይከፈላል። በኖቬምበር 2000 ተሰባስበው ናይሮቢ ውስጥ የኢንተርኔት መለዋወጫ ጣቢያ አቋቋሙ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የመንግሥቱ ቴሌ ከስሶ አዘጋው። ተከራከሩ፤ በፌብሩዋሪ 2002 እንደገና ተከፈተ፣ ዛሬም አለ። ዳያል አፕ ሲሞት ከእነዚያ ኩባንያዎች አንዳንዶቹ ሞቱ፣ አፍሪካ ኦንላይንም በ2007 ለደቡብ አፍሪካው ቴልኮም ተሸጠ። ኩባንያ ሲሞት ግን ሥራውን የለመዱት ሰዎች ይቀራሉ፤ መስመር መጎተት፣ ደንበኛ መያዝ፣ ከተቆጣጣሪ ጋር ፍርድ ቤት ድረስ መሟገት የለመዱ ሰዎች።

በአዲስ አበባ የመለዋወጫ ጣቢያ ጥያቄ ራሱ አልተነሣም። አንድ አቅራቢ ከማን ጋር ይለዋወጣል? ያንን ሥራ ሊለምዱ ይችሉ የነበሩት ልጆች በአንድ መስመር ስምንት ኮምፒዩተር የሚያሠሩት፣ መስመር ሲቆረጥ ያለ ማንም እርዳታ የሚቀጥሉት፣ ደንበኛቸውን በስም የሚያውቁት ነበሩ። ወደ ላይ የሚያድጉበት መሰላል አልነበረም። ኢንተርኔት ቤት ያለው ሰው ቢበዛ ሁለተኛ ኢንተርኔት ቤት ይከፍታል፤ አቅራቢ መሆን በሕግ የተዘጋ ነው። ስለዚህ ማዕበሉ ሲመጣ ኮምፒዩተሩን ሸጠው ወጡ። አንዳንዱ ቤቱን ፕሌይስቴሽን አደረገው፣ አንዳንዱ ሞባይል ጥገና፣ አንዳንዱ ጁስ ቤት። በዲቪ የሄደም አለ፤ የራሱንም ፎርም ሞልቶ ነበርና።

ገበያው የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። በ2011 የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 አዲስ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቋመ። ሳፋሪኮም ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። እንደ ዌብስፕሪክስ ያሉ የአገር ውስጥ ድርጅቶችም ፋይበር ወደ ቤት ያስገባሉ። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ከተጀመረ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ቆይቶ ሁለተኛው ትልቅ ኦፕሬተር ሲመጣ መግቢያው 850 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ1992 መግቢያው አንድ የስልክ መስመር፣ ስድስት ኮምፒዩተርና አንድ የተከራየ ክፍል ቢሆን ኖሮ ዛሬ በቦሌ ሕንፃዎች ላይ የማን ስም ይሰቀል ነበር?

የተረፉ አሉ። ሃያ ሁለት፣ መገናኛ፣ ገርጂ ውስጥ ገባ ባሉ መንገዶች ዛሬም ሦስትና አራት ኮምፒዩተር ያላቸው ጠባብ ቤቶች ይገኛሉ። በሩ ላይ «ፓስፖርት እንሞላለን፣ ዲቪ እንሞላለን፣ ፕሪንት፣ ስካን» የሚል ወረቀት አለ። የገባው ሰው ስልኩ ላይ ከቤቱ የፈጠነ ኢንተርኔት ይዞ ነው የመጣው። የመጣው ስሙን በእንግሊዝኛ የሚጽፍለት፣ ቀኑን ወደ ፈረንጅ የሚቀይርለት ሰው ፈልጎ ነው። ዋጋውም በደቂቃ መሆኑ ቀርቶ በፎርም ሆኗል።